«መስቀሌ ነው» ከማለታችሁ በፊት

አንዲት ጓደኛዬ ልጇን ባጣች በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄጄ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይፈትንም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ስለ ልጇ አውርታ አታውቅም። ከሌሎች ጋር ታወራለች፤ እኔ ስኖር ግን ወሬው ወደዚያ ሲጠጋ ርዕስ ትቀይራለች። ለነገሩ ጥቅሱንም በትክክል አልጠቀስኩትም ነበር፣ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መከራ፣ መሥዋዕት፣ መስቀል የሚሉትን ቃላት ስንሰማቸው ስላደግን የገቡን ይመስለናል። ራስ ምታት፣ «መስቀሌ ነው»። ክፉ አለቃ፣ «መስቀሌ ነው»። የሚደበድብ ባል፣ እሱም «መስቀሌ ነው»። በሮም ዘመን መስቀል ባሪያንና አመፀኛን በአደባባይ መግደያ እንጨት ነበር። ያኔ ማንም ሰው ራሱን ባመመው ቁጥር ይህን ቃል አያነሳም።

እኔ የነገረ መለኮት ምሁር አይደለሁም። ብዙ ተሳስቼ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ፤ ሥቃይ ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ መሥዋዕት ከመክፈላችን በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብን፣ ሌላው ሲሠቃይ ደግሞ እንዴት አጠገቡ እንደሚቀመጡ።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

መሥዋዕት ሲባል ቶሎ የሚታየን ደም ነው። ማጣት፣ መጎዳት። ግን ኦሪት ዘሌዋውያንን ከፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ምዕራፎች ብታነቡ አምስት ዓይነት መሥዋዕት ታገኛላችሁ፤ የሚቃጠል፣ የእህል፣ የደኅንነት፣ የኃጢአትና የበደል። የእህሉ ዱቄትና ዘይት ነው፣ ደም የለበትም። የደኅንነቱን ደግሞ ያቀረበው ሰው ራሱ ይበላዋል። ለምስጋና ከሆነ ሥጋው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፣ ለነገ አይተርፍም (ዘሌ 7፥15)። አንድ ሙሉ እንስሳ በአንድ ቀን እንዴት ያልቃል? ሰው መጥራት ግድ ነው። መሥዋዕቱ ወደ ግብዣ ተቀየረ ማለት ነው።

በግ መግዛት ያልቻለስ? ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል ያምጣ ይላል። ያም ካቃተው ትንሽ ዱቄት (ዘሌ 5፥7–11)። ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ኢየሱስን ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱት የቀረበው የወፎቹ መሥዋዕት ነበር (ሉቃ 2፥24)። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። «የእኔ ስጦታ ትንሽ ናት» ብላችሁ የምታፍሩ ካላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ።

«ቁርባን» የሚለውን ቃልም ልብ በሉት። «ቀረበ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው ያለው፣ በዕብራይስጡም እንዲሁ። ዋናው ነገር መቅረቡ ነው። እግዚአብሔር አይራብም፤ በመዝሙር 50 ላይ «ብራብ ለአንተ አልነግርህም» ይላል (የግዕዙን ቁጥር ለምትከተሉ 49 ነው)። ስለዚህ መሥዋዕት ጉቦ ሊሆን አይችልም። «ይህን ያህል ከተሠቃየሁልህ ይህን ስጠኝ» የሚል ውል የለም። አብርሃም ቢላዋውን ሲያነሳ እጁን የያዘው ራሱ የጠየቀው አምላክ ነው፤ በጉንም ያዘጋጀው እሱ ነው።

ክርስቲያኖች የክርስቶስን ሞት የሚያዩት ከዚህ ጫፍ ነው፤ ሰው ለአምላክ ከሚያመጣው ይልቅ አምላክ ራሱ ያመጣው መሥዋዕት፣ እሱም አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ (ዕብ 10)። ዝርዝሩ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። ኦርቶዶክሱና ካቶሊኩ ቅዳሴውን መሥዋዕት ይሉታል፣ ብዙ ፕሮቴስታንቶች መታሰቢያነቱን ያጎላሉ። ክርክሩን እዚህ አልከፍተውም። ለዛሬው የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ ሒሳቡ ተከፍሏል ብሎ የሚያምን ሰው በራሱ ሥቃይ ሊከፍለው አይሞክርም።

ሥቃዩን ለዩት

ወረቀት ውሰዱ። አሁን የሚያሠቃያችሁን ነገር ሁሉ ጻፉ፣ ትልቁንም ትንሹንም። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን «ከየት መጣ?» የሚለውን መልሱ። የምትመልሱት ለራሳችሁ ስለሆነ አትዋሹ።

አንዳንዱ ከራሳችን የመጣ ነው። ጴጥሮስ ሳይሸፋፍን፣ ከእናንተ ማንም ነፍሰ ገዳይ ወይም ሌባ ሆኖ፣ ወይም በሰው ጉዳይ እየገባ መከራ አይቀበል ይላል (1ኛ ጴጥ 4፥15)። በሰው ጉዳይ መግባትን ከነፍስ ግድያ ጋር በአንድ መስመር ማስቀመጡ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ተበድሮ ያልከፈለ ሰው የሚደርስበት ውርደት ስሙ ዕዳ ነው። መድኃኒቱም መክፈል ነው። በቃ።

አንዳንዱ ዝም ብሎ የመጣ ነው። ሕመም፣ አደጋ፣ ሞት። እዚህ ጋ ትልቁ ፈተና ምርመራ መጀመር ነው፤ «ምን አጥፍቼ ነው?» ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ «ማን ኃጢአት ሠራ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠይቀዋል። ኢየሱስ ሁለቱም አይደሉም አላቸው (ዮሐ 9)። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱም፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀና ራሱ «አይደለም» ብሎ መለሰ (ሉቃ 13)። እኛ ደግሞ «ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል ተረት አለን። ለሌባ ልጅ ይሠራ ይሆናል። ካንሰር ለያዘው ሰው ግን በሹክሹክታ እንኳ መባል የለበትም፣ ሲባል ሰምቻለሁና ነው።

አንዳንዱ ከሰው ክፋት የመጣ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ስለሆነ።

የሚደበድባችሁ፣ የሚያዋርዳችሁ፣ ጉልበታችሁን የሚበዘብዝ ሰው ካለ ያ ሰው በደል እየፈጸመ ነው። እናንተ ዝም ብላችሁ ስትቀበሉለት እሱ ኃጢአቱን እንዲቀጥል መንገድ ትጠርጉለታላችሁ እንጂ መሥዋዕት አላቀረባችሁም። «ግን እኮ ኢየሱስ ዝም ብሎ ተቀበለ» ትሉኛላችሁ። ቆይ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው። ሕፃን ሳለ ሄሮድስ ሊገድለው ሲፈልግ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ይዞት ሸሸ። አድጎም ሊወግሩት ድንጋይ ሲያነሡ ተሰውሮ ከመቅደስ ወጣ (ዮሐ 8፥59)። ደቀ መዛሙርቱን በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏቸዋል (ማቴ 10፥23)። ጳውሎስ ደማስቆ ላይ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ በኩል ወርዶ አምልጧል፤ ኢየሩሳሌም ላይ ሊገርፉት ሲያስሩት ደግሞ የሮም ዜጋ ነኝ ብሎ መብቱን ጠየቀ (ሐዋ 22፥25)። እነዚህ ሰዎች መሞት ሲገባ የሞቱ ናቸው። መሸሽ ሲገባ ግን ሸሽተዋል።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ ሲፈለግ መጀመሪያ ያደረገው ከከተማ ወጥቶ በእርሻ ቤት መደበቅ ነበር። ሲያዝ ግን ክርስቶስን አልካደም፣ «86 ዓመት አገለገልኩት፣ ምንም ክፉ አላደረገብኝም» አለ። በዚያው ታሪክ ውስጥ ቁዊንጦስ የሚባል ሰው አለ። ይሄኛው ማንም ሳይፈልገው ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ፣ ሊጣልላቸው የነበሩትን አውሬዎች ሲያይ ግን ፈርቶ ካደ። ታሪኩን የጻፉት ክርስቲያኖች ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም ብለው ደመደሙ። ሰማዕት ማለት እኮ በግዕዙ ምስክር ማለት ነው። ምስክር ደግሞ ሲጠራ ነው የሚቀርበው።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ዱላ ካለ መጀመሪያ የምታደርጉት ደኅና ወደሆነ ቦታ መሄድ ነው፤ ለምታምኑት ሰው መናገር፣ ሐኪም ማየት፣ ሕግ ባለበት ለሕግ ማመልከት። ይቅርታ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ይቅር ማለትና ተመልሶ እዚያው ቤት መግባት ደግሞ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «መስቀልሽን ተሸከሚ» የሚላችሁ መካሪ ካጋጠማችሁ፣ ቢያንስ በዚህ ጉዳይ ሌላ መካሪ ፈልጉ።

አሁን አራተኛው ቀረ። ለፍቅር ወይም ለእውነት ብላችሁ፣ እምቢ ማለት እየቻላችሁ፣ እሺ ያላችሁት። መስቀል የሚባለው ይሄ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. አውሽቪትስ በሚባለው የናዚዎች የእስረኞች ካምፕ አንድ እስረኛ አመለጠ ተብሎ አሥር ሰዎች በረሃብ እንዲሞቱ ተመረጡ። ከአሥሩ አንዱ ሚስቱንና ልጆቹን እያነሳ ጮኸ። ማክሲሚሊያን ኮልቤ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ከሰልፉ ወጥቶ በእሱ ቦታ እኔ ልግባ አለ። ገባ፣ ሞተ። ያ ሰውዬ ግን ከካምፑ በሕይወት ወጥቶ እስከ 1995 ኖሯል። ኮልቤ ሥቃይ አምሮት አልነበረም የወጣው። ሰውዬውን አይቶ ነው።

ወረቀታችሁ ላይ ከዚህ ዓይነቱ አንድም ካላገኛችሁ አትደንግጡ። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ባዶ ነበር። ለዓመታት መስቀሌ ስለው የኖርኩት ነገር ሥራ ቦታ እምቢ ማለት ያለመቻሌ ነበር።

መሥዋዕት ከመክፈላችሁ በፊት

የምትተዉት ነገር ሲኖር፣ ገንዘብ ይሁን ጊዜ ይሁን ዕድል፣ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

ማን ነው የሚከፍለው? በማርቆስ 7 ላይ ኢየሱስ አምርሮ የተናገራቸው ሰዎች አሉ። ወላጆቻቸውን መርዳት ሲገባቸው «ይሄ ለእግዚአብሔር ቁርባን ሆኗል» ብለው ገንዘቡን ይከለክሉ ነበር። በዛሬ ቋንቋ፣ ማታ ማታ አገልግሎት ላይ እየዋለ ልጆቹን የማያይ አባት። አገልጋዩ እሱ ነው፣ ከፋዮቹ ልጆቹ ናቸው። ሌላ ሰው የሚከፍለውን መሥዋዕት ብሎ መጥራት ይከብዳል።

እየቆጠርኩ ነው? የጠፋው ልጅ ታሪክ ላይ ታላቅየው ወንድም «ይህን ያህል ዓመት ተገዛሁልህ፣ አንድ ጠቦት እንኳ አልሰጠኸኝም» ይላል። ሒሳብ ይዟል። እናንተም «ስንት ነገር አድርጌላችሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ካለ ያደረጋችሁት ብድር ነበር። ብድር መስጠት ነውር የለውም፣ በስሙ እንጥራው እንጂ።

ሰው ባያውቅልኝስ አደርገዋለሁ? ስትጾሙ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ራሳችሁን ተቀቡ የተባለው ለዚህ ነው (ማቴ 6፥17)። ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ፤ ነገሩን አድርጉና ለአንድ ወር ለማንም አትናገሩ፣ ለንስሐ አባታችሁም ለባለቤታችሁም። እኔ በአራተኛው ቀን ነው ያመለጠኝ።

ከማን ጋር ተጣልቻለሁ? መባህን እዚያው መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ሂድና ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል (ማቴ 5፥24)። ለአምላክ የሚቀርበው መባ ይጠብቅ፣ የተቀየመው ሰው ይቅደም! ይህን ቁጥር ስንቴ አንብቤ እንዳለፍኩት ሳስብ ይገርመኛል።

አራቱን ካለፋችሁ በትንሹ ጀምሩ። ሉቃስ 9፥23 መስቀሉን «ዕለት ዕለት» ይሸከም ይላል፤ በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ብዙው ትንንሽ ነገር ነው። ቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ። የምትሸሹትን አሰልቺ ዘመድ ስልክ አንስቶ ማናገር። ስትጾሙ ያልበላችሁትን አስልቶ ለተራበ መስጠት፣ ኢሳይያስ 58 የሚጠይቀው ጾም ይህን ነው። ዕብራውያን 13፥16 መልካም ማድረግንና ማካፈልን በግልጽ መሥዋዕት ይለዋል። ልክ አብጁለት፤ እስከ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር። ልክ የሌለው መሥዋዕት ቶሎ ወደ ቂም ይለወጣል፣ ይሄን በራሴ አይቼዋለሁ።

ሲያማችሁ እንዴት ትጸልያላችሁ

ጮክ ብላችሁ። ቀልዴን አይደለም። ከ150ዎቹ መዝሙራት ብዙዎቹ ሮሮ ናቸው። ኢየሱስ በመስቀል ላይ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ሲል መዝሙር 22ን ነው የጠቀሰው። መዝሙር 88 ደግሞ መጨረሻው እንኳ አይበራም፤ ጨለማ ላይ ያልቃል፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዲሁ ተቀምጧል። ማንም መጥቶ የደስታ ቁጥር አልጨመረበትም። ቃል ካጣችሁ እነዚህን ሁለቱን አንብቡ። በቀን አሥር ደቂቃ፣ በድምፅ።

የጌቴሴማኒን ጸሎት ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ «ቢቻል ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ»፣ ቀጥሎ «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ»። እኛ ሁለተኛውን ብቻ ስንጠቅስ መንፈሳዊ የሆንን ይመስለናል። የምትፈልጉትን ሳትናገሩ «ፈቃድህ ይሁን» ማለት ተስፋ መቁረጥ የሚናገረው ቃል ሊሆን ይችላል። ደግሞም አንዴ ብሎ አልተወም፣ ሦስት ጊዜ ነው የጸለየው። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። መውጊያው አልተነሣም፣ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ። መልሱ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

መጸለይም ካቃታችሁ ኤልያስን አስታውሱ (1ኛ ነገ 19)። ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም፣ ስብከትም አልሰጠውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለትና ብላ አለው። በላ፣ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰው፣ መንገድህ ሩቅ ነውና ብላ አለው። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣው ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ ነው። መኖር ያስጠላው ሰው መጀመሪያ እንቅልፍ፣ ምግብና ሐኪም ይፈልጋል። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ነው የሚሉትን አትስሟቸው። እንዲህ ያለ ሐሳብ አሁን እያንገላታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።

የሌላው ሥቃይ ሲሆን

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ያ የጠቀስኩላት ቃል ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። በዙሪያው ያለውን ብታነቡት የሚያወራው ኃጢአት ስለሚያስመኝ ፈተና ነው፣ ስለ ጣዖት፣ ስለ ዝሙት። ልጅ ስለ መቅበር አይደለም። ያው ጳውሎስ በሚቀጥለው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ፣ በእስያ የደረሰብን መከራ ከአቅማችን በላይ ስለነበር በሕይወት የመኖር ተስፋ እንኳ ቆርጠን ነበር ይላል (2ኛ ቆሮ 1፥8)። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ይመጣል። ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር።

የኢዮብ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ከዚያ መናገር ጀመሩ፣ ስህተታቸውም ያኔ ጀመረ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ ሲጮህና ሲከራከር የነበረው ኢዮብ ግን ቅን ተናገረ ተባለለት (42፥7)።

ስለዚህ «ለበጎ ነው» አትበሉ። ለበጎ መሆኑን ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ሊል ይችላል፣ የእናንተ ቃል ግን አይደለም። «ቢያንስ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገርም ይቅር። «የምረዳህ ነገር ካለ ንገረኝ» ማለትም ብዙ አያግዝም፣ የተጎዳ ሰው ለእናንተ ሥራ የሚያድልበት ጉልበት የለውም። ዕቃ እጠቡ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ያዙ። የሞተውን በስሙ ጥሩት። ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ መቃብሩ ጋ አልቅሷል። ራሱም መስቀሉን ሙሉውን መንገድ ለብቻው አልተሸከመም፤ የቀሬናው ስምዖን አግዞታል። ስምዖን የተናገረው አንድም ቃል አልተጻፈም።

ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ተመለሱ። በሦስተኛው ወር፣ በልደቱ ቀን፣ ስልኩ መጮህ ሲያቆም።

ጓደኛዬ ጋ የሄድኩት ከዓመት በኋላ ነው። ያልኩሽ ነገር ስህተት ነበር፣ ጥቅሱም ለዚያ አይደለም አልኳት። «አውቃለሁ፣ ያኔውኑ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። ቆየችና ተነሥታ ከመኝታ ቤቷ አንድ ፎቶ ይዛ መጣች። ልጇ የፊት ጥርሱ ወልቆ ይስቃል። ጥርሱ እንዴት እንደወለቀ ነገረችኝ። ታሪኩ ረጅም ነበር፣ እኔም አላቋረጥኳትም።